ሰሜን ኮሪያ ኢኮኖሚዋን ለማሻሻል ሞክራ ታውቃለች ወይስ ጭራሽ አልሞከረችም?

የኮሪያ ሰፈር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ያደግኩት ኮሪያ ሰፈር ነው። አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ስለ ኮሪያ ሲያወሩ ሁሌም የሚያነሱት ውጊያውን ሳይሆን ብርዱንና የተራቡትን ሕፃናት ነው። ያኔ ሰሜኑም ደቡቡም አንድ ሕዝብ፣ አንድ ድህነት ነበር ይሉናል። እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። እኔ ግን ስለዚያ አገር ማንበብ አላቆምኩም።

በቅርቡ የገረመኝ ነገር፣ ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሻል ያለ ኢኮኖሚ የነበረው ሰሜኑ ነው። ጃፓኖች የሰሯቸው ትልልቅ የኤሌክትሪክ ግድቦች፣ የማዳበሪያ ፋብሪካው፣ የድንጋይ ከሰሉ፣ አብዛኛው የቀረው ሰሜን ነው። ደቡቡ የእርሻ አገር ነበር። ዛሬ የደቡቡ የነፍስ ወከፍ ገቢ የሰሜኑን 30 እጥፍ ገደማ ነው።

ቻይና በ1978 በሯን ከፈተች። ቬትናም በ1986 ዶይ ሞይ ብላ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ጀመረች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።) ሁለቱም አገር ውስጥ ኮሚኒስት ፓርቲው ዛሬም ስልጣን ላይ ነው። ታዲያ ሰሜኑን ከአባት ወደ ልጅ እየተረካከቡ የሚገዙት ኪሞቹ ምን ሆነው ነው? ሞክረው ከሽፎባቸው ነው ወይስ መሞከሩን ራሱ ፈርተው? ዩቲዩብ ላይ የማገኘው ወይ ስለ ሚሳኤል ነው ወይ ስለ ሰልፍ። ስለ እንጀራው የሚያወራ የለም። ደቡብ ኮሪያ ያላችሁ፣ ወይ ደግሞ የደርግን ጊዜ በደንብ የምታስታውሱ ትልልቆች ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሱዎን ነኝ፦

ወንድሜ፣ እኔ ደቡብ ኮሪያ ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ። እዚህ ቤተክርስቲያን የተዋወቅኳት ከሰሜን የመጣች ጓደኛ አለችኝ። የቾንግጂን ልጅ ነች። ስሟን አልጠራም፣ እናቷ እስካሁን እዚያው ናቸው። የምነግርህ ግማሹን ከሷ የሰማሁትን ነው፤ ግማሹን ደግሞ እሷን ካወቅኩ በኋላ ራሴ ፈልጌ ያነበብኩትን።

«መንግሥት አሻሻለ ወይስ አላሻሻለም» ብለህ ከተነሳህ ነገሩ አይገባህም። እዚያ አገር ኢኮኖሚውን የቀየሩት ሴቶች ናቸው። ጉልት የተቀመጡ ሴቶች። መንግሥት ከኋላ ከኋላቸው እየሄደ አንዴ ይፈቅዳል፣ አንዴ ይከለክላል።

ድሮ እህል ገዝቶ የሚበላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መንግሥት በራሽን ይሰፍራል። ተራ ሠራተኛ በቀን 700 ግራም፣ ከባድ ሥራ ያለበት ከዚያ በላይ፣ ልጅና ሽማግሌ ከዚያ በታች። ዋጋው ለስሙ ያህል ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ በርካሽ ይመጣ የነበረው ነዳጅና መለዋወጫ ቆመ። እሱ ሲቆም ማዳበሪያው ቆመ፣ የመስኖ ፓምፑም ቆመ። በ1995 ጎርፍ ተጨመረበት። ስንት ሰው እንደሞተ ዛሬም ያከራክራል። ዝቅተኛው ግምት በመቶ ሺዎች ነው፣ ከፍተኛው 2 እና 3 ሚሊዮን ይደርሳል። መንግሥት ያን ጊዜ «የመከራ ጉዞ» ብሎታል።

ጓደኛዬ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። አባቷ ብረት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ፋብሪካው አይሠራም፣ ደመወዝ የለም፣ ራሽን የለም። ግን ወንድ የሆነ ሁሉ የግድ ሥራ ቦታው ተገኝቶ መፈረም አለበት። ያገባች ሴት ቤት መዋል ይፈቀድላታል። ስለዚህ ወደ ገበያ የወጡት እናቷ ናቸው። እዚያ አገር ገበያው በሴቶች የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

እናቷ ምን ሸጡ መሰለህ? አኩሪ አተር ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን። እኛ ፋጉሎ የምንለውን፣ ለከብት የምንሰጠውን። እሱን ይፈጩታል፣ በውሃ ያሹታል፣ ማሽን ውስጥ ያሳልፉትና እንደ ቆዳ ስስ ሆኖ ይወጣል። ስሙ «ሰው ሠራሽ ሥጋ» ነው። ውስጡ ትንሽ ሩዝ ይጠቀጥቁበታል፣ ላዩን በርበሬ ይቀቡታል። አንድ ቀን እዚህ ሱዎን ቤቷ ሠርታ አበላችኝ። ሲታኘክ ጠንከር ይላል፣ በርበሬው ግን የኛን አዋዜ ያስታውሳል። እየበላን «እኔን ያሳደገኝ ይሄ ነው» አለችኝና ዝም አለች።

ገበያውን ጃንግማዳንግ ይሉታል፣ የገበያ ሜዳ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሕገወጥ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ሴቶቹ ጨርቃቸውን ጠቅልለው ይሮጣሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። ቆይቶ አባትየውም መላ አገኙ። ለፋብሪካው በየወሩ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ፋብሪካው «ተገኝቷል» ብሎ ይመዘግባቸዋል፣ እሳቸው ሄደው ሚስታቸውን ያግዛሉ። ሠራተኛው ለአሠሪው ደመወዝ ከፈለ ማለት ነው። ይሄ በጣም የተለመደ ስለሆነ ስምም ወጥቶለታል፣ «የነሐሴ 3 ገንዘብ» ይባላል። ስሙ የመጣው ኪም ጆንግ ኢል በ1984 ነሐሴ 3 ቀን ፋብሪካዎች ከተረፈ ምርት የቤት ዕቃ እንዲሠሩ ካዘዘበት ዘመቻ ነው።

ስለ መንግሥት አዋጆቹ ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻላል፣ እኔ ቁጥር ላይ ጎበዝ አይደለሁም።

የድሮ መጋዘን ሠራተኛ፦

ልጆቼ፣ ይህን አንብቤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በደርግ ጊዜ ጎጃም ውስጥ እህል በሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ገበሬው ኮታ አለበት። ኮታውን መንግሥት በተመነው ዋጋ ያስረክባል፣ ዋጋው ገበያው ከሚያወጣው በጣም ያነሰ ነው። ዝናብ ያጠረበት ዓመት ላይ አንድ ሽማግሌ ጤፍ በሁለት አህያ ጭነው መጡ። ሚዛን ላይ ስናወጣው ሞላ። ጆንያውን ሳገላብጠው የነጋዴ ምልክት በቀለም ተጽፎበታል። ገባኝ። የራሳቸው እህል አልበቃ ብሏቸው፣ ከነጋዴ በውድ ገዝተው ለኛ በርካሽ ሊያስረክቡ ነው ያመጡት። ኮታ ካልሞላ ቅጣቱን ያውቁታላ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔም አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ፈርሜ ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ ያ ጆንያ ከዓይኔ አይጠፋም።

ኬላውንስ የሚያስታውስ አለ? ለተማሪ ልጅ የተላከ ስንቅ እንኳ ይወረስ ነበር። ከተማ ውስጥ ደግሞ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው። ካርዱ ያልበቃው አየር ባየር ይገዛል። እንግዲህ ልጄ ሱዎን ያለሽው የጻፍሽውን ሳነብ ያልገባኝ ነገር አልነበረም። አገሩ ሌላ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ፣ የኮሪያ ሰፈር ልጅ። የካቲት 1982 በኛ አቆጣጠር፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው አወጁ። የእህል ንግዱ ተለቀቀ፣ ገበሬው ከማኅበር መውጣት ከፈለገ ይችላል ተባለ። እኔ በነበርኩበት አካባቢ ወልባ የሚባለው ከፍ ያለ የኅብረት እርሻ ደረጃ የደረሱ ማኅበራት ነበሩ፣ ለጎብኚ የሚታዩ። ሳምንታት አልቆዩም። በሬውን ተካፈሉ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተካፈሉ፣ እያንዳንዱ ወደ ማሳው ገባ። ያዘዛቸው የለም፣ የቀሰቀሳቸው የለም። ያን ያህል ዓመት የተደከመበት ነገር ጠዋት ታይቶ የሚጠፋ ጤዛ ነበር። ከዚያ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው የቆየው፣ ግንቦት 1983 መንግሥቱ ከአገር ወጡ።

እኔ የኪም መንግሥት ይህንን በደንብ አይቶታል ባይ ነኝ። ደርግና ኪም ወዳጆች ነበሩ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው የቆመው። ከኛ በፊት ደግሞ የምሥራቅ ጀርመንና የሩማንያ ነገር አለ። የሩማንያው መሪ ቻውሸስኩ የመጀመሪያው ኪም፣ የኪም ኢል ሱንግ የቅርብ ወዳጅ ነበር፣ በ1989 በፈረንጅ ተገልብጦ እንደተረሸነ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ፒዮንግያንግ የተቀመጠ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚማረው ምንድን ነው? ገመዱን ላላ ያደረገ ሁሉ ወደቀ ብሎ ነው የሚማረው። ትክክለኛው ትምህርት ግን ዘግይቶ ያላላ ወደቀ የሚል ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ቁጥር ይናገር፦

ጋሼ፣ የጆንያው ነገር ልቤን ነካው። እግዜር ይስጥልን ስለጻፉልን።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፣ አዋጆቹን ልሞክራቸው፣ ዓመቶቻቸው በፈረንጅ ናቸው።

የመጀመሪያው ትልቁ ሙከራ የ2002 የሐምሌ 1 እርምጃ ነው። እስቲ ቁጥሩን እዩት። የአንድ ኪሎ ሩዝ የመንግሥት ዋጋ 8 ሳንቲም ነበር፣ ማለቴ የገንዘባቸው የወን 100ኛ ክፍል የሆነችውን ነው፣ እሱን በአንድ ጊዜ 44 ወን አደረጉት። 550 እጥፍ። ደመወዝ ከ110 ወን ወደ 2 ሺህ ወን ገደማ አደገ፣ 18 እጥፍ። ዶላሩ ከ2 ወን ከምናምን ወደ 150 ገደማ። ሐሳቡ ክፋት የለበትም። የመንግሥት ዋጋ ገበያው ዋጋ ላይ ይድረስ፣ ሰው እህሉን ከጉልት ይልቅ ከመንግሥት ይግዛ፣ ፋብሪካም ትርፍና ኪሳራውን ይወቅ ነው። በ2003 ደግሞ ገበያዎቹን ሕጋዊ አደረጓቸው፣ ጣሪያ ተሠራላቸው፣ ሴቶቹ የመደብ ኪራይ መክፈል ጀመሩ።

የጎደለው ምንድን ነው? ዋጋ ጨመሩ፣ ደመወዝ ጨመሩ፣ ምርት ግን አልጨመረም። ፋብሪካው ምን እንደሚያመርት የሚወስነው አሁንም ፕላኑ ነው። ገበሬው አሁንም የኅብረት እርሻ ላይ ነው። እና ብዙ ወረቀት ትንሽ ሩዝ ሲያሳድድ የሚሆነው ሆነ። የዋጋ ንረቱ ደመወዙን ከጥቂት ወራት በላይ አላስቆየውም። በ2005 ደግሞ ደንግጠው የግል እህል ንግድን ከለከሉ፣ ራሽኑን እንመልሳለን አሉ። ከዚያ ወጣት ሴት ጉልት እንዳትቀመጥ የዕድሜ ገደብ አወጡ።

ከዚያ መጣ 2009። ይህን ሳስበው ያንገበግበኛል። ኅዳር 30 ቀን፣ ያለምንም ማስጠንቀቂያ፣ ገንዘብ ተቀየረ ተባለ። 100 አሮጌ ወን በ1 አዲስ ወን። የመቀየሪያው ጊዜ አንድ ሳምንት። እና አንድ ቤተሰብ መቀየር የሚችለው 100 ሺህ አሮጌ ወን ብቻ ነው ተባለ፣ በጥቁር ገበያው ሂሳብ 30 ዶላር ቢሆን ነው። ቆይተው ትንሽ ከፍ አድርገውታል። የቀረው ወረቀት ነው። እኛ በራሳችን አቆጣጠር መስከረም 2013 ላይ ብር ሲቀየር ሦስት ወር ተሰጥቶን እንኳ ምን ያህል ግርግር እንደነበር ታውቃላችሁ። እዚያ ግን ዓላማው ራሱ በነጋዴው እጅ ያለውን ቁጠባ ማጥፋት ነበር። ገበያ ተዘጋ፣ የውጭ ምንዛሬ ተከለከለ፣ ሩዝ በወራት ውስጥ በብዙ እጥፍ ናረ። በዚያ አገር ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር፣ ሕዝቡ ጮክ ብሎ አማረረ። መንግሥት ወደኋላ አለ፣ ገበያዎቹን መልሶ ፈቀደ። የፓርቲው የፋይናንስ ኃላፊ ፓክ ናም ጊ በዚህ ምክንያት ተረሸነ ብለው የደቡብ ኮሪያ መገናኛ ብዙኃን ዘግበዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሰው ወን አላመነም። ያለው ሁሉ ዶላርና የቻይና ዩዋን ነው የሚያስቀምጠው። አንድ መንግሥት የራሱን ገንዘብ እንዲህ አድርጎ ከገደለ በኋላ ምንም ዓይነት ጥሩ አዋጅ ቢያወጣ ሰው «ነገ ይወስዱብኛል» ነው የሚለው።

የኮሪያ ሰፈር ልጅ፦

ጋሼ፣ ሱዎን፣ ቁጥር ይናገር፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የኪም ጆንግ ኢል ልጅ ኪም ጆንግ ኡን ሲመጣ ስዊዘርላንድ የተማረ ነው፣ ይለውጣል ተብሎ ነበር። እሱስ?

ቁጥር ይናገር፦

እሱ መጀመሪያ ላይ ከአባቱ የተሻለ ነበር፣ ይህን መካድ ልክ አይመስለኝም። በ2012 ሚያዝያ የመጀመሪያ የአደባባይ ንግግሩ ላይ ሕዝባችን ዳግመኛ ቀበቶውን እንዲያጠብቅ አናደርግም አለ። ከዚያ ሁለት ነገር ጀመረ። እርሻ ላይ የሥራ ቡድኑን እስከ 3 እና 5 ሰው ድረስ አሳነሰው። እንደ አንድ ቤተሰብ ማለት ነው፣ ቃሉን ግን አልተጠቀሙም። የተመደበላቸውን ማሳ ያርሳሉ፣ ለመንግሥት ድርሻውን ሰጥተው የቀረው የነሱ ነው። ፋብሪካ ላይ ደግሞ በ2014 ሥራ አስኪያጁ ምን እንደሚያመርት፣ ለማን በስንት እንደሚሸጥ፣ ለሠራተኛው ስንት እንደሚከፍል በከፊል ራሱ እንዲወስን ተፈቀደለት። በ2019 ይሄ አሠራር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ።

እና ሠራ። ለተወሰኑ ዓመታት በደንብ ሠራ። ከ2013 ጀምሮ ዶላሩ 8 ሺህ ወን፣ ሩዝ በኪሎ 5 ሺህ ወን አካባቢ ለዓመታት ረጋ ብሎ ቆየ። በሳተላይት ፎቶ የተቆጠሩት ሕጋዊ ገበያዎች ከ400 በላይ ደረሱ። ዶንጁ የሚባሉ ባለገንዘቦች ተፈጠሩ፣ «የገንዘብ ጌቶች» እንደማለት ነው። አውቶቡስ ገዝተው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታርጋ ያሰማራሉ፣ አፓርታማ ያሠራሉ። ባለቤቱ በወረቀት መንግሥት ነው፣ ብሩ የነሱ ነው።

ግን ሕግ የሚባል ከለላ የለም። አውቶቡሱን ወይ አፓርታማውን የዶንጁው የግል ንብረት ነው ብሎ የጻፈ ወረቀት የለም። ዶንጁው ዛሬ ባለሥልጣን ወዳጅ አለው፣ ነገ ወዳጁ ሲነሳ እሱም ይነሳል። የውጭ ኢንቨስተሩም ያው ነው። የግብጹ ኦራስኮም በ2008 ገብቶ የሞባይል ኔትወርክ ዘረጋ፣ ደንበኛው በሚሊዮን ተቆጠረ፣ ትርፉ በወን ተከማቸ። ይውጣ ሲባል በየትኛው ምንዛሬ? በይፋው ያኔ 1 ዶላር 100 ወን ገደማ ነበር፣ ገበያው ላይ 8 ሺህ። 80 እጥፍ ልዩነት። ገንዘቡ እዚያው ቀረ። ከዚህ በኋላ ሌላ ኢንቨስተር ማን ይመጣል?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቻይና በ1978 ከ10 ሰው 8ቱ ገጠር ነበር። ማሳውን ለገበሬው ስትለቅለት ሀብቱ ከዚያ ፈለቀ። ሰሜን ኮሪያ ግን ከግማሽ በላዩ ከተሜ ነው፣ መሬቱም ተራራ ነው። ገበሬውን መልቀቅ ብቻውን አያነሳትም። ፋብሪካውንም መልቀቅ አለባት፣ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራቸዋል።

ኩዌት የነበርኩ፦

ሁላችሁም መንግሥቱን ብቻ ነው የምትወቅሱት። ማዕቀቡስ? አሜሪካ አንቃ ይዛት ሰሜን ኮሪያ ለምን አላደገችም ማለት ፍትሕ ነው?

እኔ ኩዌት ስሠራ አንድ የግንባታ ሳይት ላይ ሰሜን ኮሪያውያን አይቻለሁ። ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ይመጣሉ፣ ማታ በአንድ አውቶቡስ ይሄዳሉ። ሱቅ እንኳ ሲሄዱ ሁለት ሦስት ሆነው ነው። ሥራቸውን ብታዩ፣ በዚያ ሙቀት ከማንም በላይ ነበር የሚሠሩት። አንዱ ጋር በምልክት እንግባባ ነበር፣ ውሃ እንሰጣጣለን። አንድ ቀን የልጁን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፣ ጠርዙ በላብ ተልጧል። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት በ2017 ውሳኔ አወጣ፣ በ2019 ማብቂያ ሁሉም ወደ አገራቸው ይመለሱ ተባለ። ደመወዛቸውን መንግሥት ነው የሚወስደው ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን የሚተርፋቸው ትንሽ ነገር ልጅ ያሳድግ ነበር። ማዕቀቡ የመታው ያንን ሰውዬ ነው፣ ኪምን አይደለም።

ሱዎን ነኝ፦

ወንድሜ፣ የፎቶው ነገር አሳዘነኝ። በከፊል ልክ ነህ፣ እኔም ይህን ሳላነሳ ማለፌ ጥሩ አልነበረም። በ2017 የድንጋይ ከሰሉ፣ የባሕር ምግቡ፣ የልብስ ስፌቱ ኤክስፖርት ሁሉ ተዘጋ። የልብስ ስፌት ላይ የነበሩት ሴቶች ናቸው። በ2019 ሃኖይ ላይ ትራምፕና ኪም ሳይስማሙ ሲለያዩ ጓደኛዬ አለቀሰች። እናቴ ትንሽ ይቀላታል ብዬ ነበር አለችኝ።

ግን ቅደም ተከተሉን እየው። ረሃቡ የመጣው ከነዚህ ማዕቀቦች በፊት ነው። የ2009ኙን የገንዘብ ቅየራ ያደረገው አሜሪካ አይደለም። እና ሚሳኤሉን መተው የሚችል ራሱ ነው።

ኬሶንግን ልጨምርልህ። ድንበሩ አጠገብ የደቡብ ድርጅቶችና የሰሜን ሠራተኞች አብረው የሚሠሩበት የኢንዱስትሪ ቀጠና ነበር። ከ120 በላይ ድርጅት፣ ከ50 ሺህ በላይ ሠራተኛ። ደመወዙ በዶላር ለመንግሥት ነበር የሚገባው፣ ሠራተኛው የሚያገኘው ከዚያ የተቆረሰ ነው። አሠሪዎቹ በቀጥታ ጉርሻ መስጠት ስላልተፈቀደላቸው ቾኮ ፓይ ይሰጧቸው ነበር፣ ያ ቸኮሌት የተቀባው ክብ ብስኩት። ሠራተኞቹ አይበሉትም። ሰብስበው ቤት ይወስዱታል፣ ገበያ ያወጡታል። ጓደኛዬ ቾንግጂን ድረስ፣ ከአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ማለት ነው፣ አንድ ቾኮ ፓይ ለአራት ተቆርሶ ሲሸጥ አይታለች። ሩቡን በልታ ማሸጊያውን መጽሐፏ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ይሸት ስለነበር። አንድ ብስኩት ስለ ደቡብ ኮሪያ የነገራትን ያህል ምንም ነገር አልነገራትም። ቆይቶ ባለሥልጣናቱ ቾኮ ፓዩን ራሱ ከለከሉ።

ቀጠናው በ2016 የካቲት ተዘጋ። ያን ጊዜ የዘጋው ደቡቡ ነው፣ ከኑክሌርና ከሮኬት ሙከራው በኋላ። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ ነው አልልህም።

ጋሼ ስለ ፍርሃት የጻፉት ግን ከሁሉም በላይ እውነት ይመስለኛል። ቻይና ስትከፈት ጎረቤት የቆመች 30 እጥፍ ሀብታም፣ ቋንቋዋን የምትናገር ሌላ ትልቅ ቻይና አልነበረችም። ሰሜን ኮሪያ አላት። ሰው ሁሉ ቾኮ ፓዩን ከቀመሰ በኋላ ለምን እናንተ ትመሩናላችሁ ይላል።

የድሮ መጋዘን ሠራተኛ፦

ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ አሁንስ እንዴት ናቸው? ከኮቪድ በኋላ ማለቴ ነው።

ቁጥር ይናገር፦

ጋሼ፣ ወደኋላ ነው የተመለሱት። በ2020 ጥር ድንበሩን ዘጉት፣ እንደነሱ ድርግም አድርጎ የዘጋ አገር ማግኘት ያስቸግራል። በ2021 የፓርቲው ጉባኤ ላይ ኪም ራሱ የአምስት ዓመቱ ዕቅድ በሁሉም ዘርፍ ማለት ይቻላል አልተሳካም ብሎ አመነ። ያንን ካመነ በኋላ የወሰደው መፍትሔ ግን የበለጠ ቁጥጥር ነው። የመንግሥት የእህል መሸጫ ሱቆች ተከፈቱ፣ በገበያ ላይ ሩዝና በቆሎ በግል መሸጥ ላይ ክልከላ መጣ። የእርስዎ የቀበሌ ሱቅና ኬላ ተመለሰ ማለት ነው። በ2024 ደግሞ በየዓመቱ በ20 ወረዳ ፋብሪካ እንሠራለን፣ ለ10 ዓመት፣ የሚል ዕቅድ አወጣ። ፋብሪካዎቹ እየተሠሩ ነው፣ በቴሌቪዥናቸው ይታያል። ጥሬ ዕቃውና መብራቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው ጥያቄዬ። ከሩሲያ ጋር በ2024 ሰኔ ስምምነት ፈርመዋል፣ ከዚያ የሚገኘው ነዳጅና ገንዘብ ገበያ ሳይከፍቱ ለመቆየት ጊዜ ይገዛላቸዋል።

የኮሪያ ሰፈር ልጅ፦

ሱዎን፣ እህቴ፣ ከቻልሽ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የጓደኛሽ እናት አሁንም ጉልት ይቀመጣሉ?

ሱዎን ነኝ፦

አታውቅም።

ድሮ በደላላ ገንዘብ ትልክላቸው ነበር። ደላላው ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ይቆርጣል፣ የቀረው ይደርሳል። እናትየው ድንበሩ አጠገብ መጥተው በተደበቀ የቻይና ስልክ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያወሯታል። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ፣ አዲስ አጥር ተሠራ፣ ደላሎቹ ጠፉ። በ2019 ከሰሜን አምልጦ ደቡብ የገባው ሰው 1,047 ነበር፣ በ2021 63 ብቻ። ወሬ የሚያመጣም የለም።

የመጨረሻ ያወሩት በ2019 ታኅሣሥ ነው። መደባቸውን ከገበያው በር አጠገብ ወዳለ ቦታ አዛውረውታል፣ ኪራዩ ይወደዳል ግን ሰው ይበዛል ብለዋት ነበር። እና ማሽኗን፣ የሰው ሠራሽ ሥጋዋን ማለቴ ነው፣ ሁለተኛ ሊገዙ ገንዘብ እያጠራቀሙ ነበር። በዩዋን።